ለጾም ፍቺ የተሰቀለው ቋንጣ

በቀኝ ክንዴ ላይ፣ ከእጄ አንጓ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ የሽልንግ ስፋት ያለው ጠባሳ አለ። ሌላ ጊዜ እጅጌዬ ይሸፍነዋል፤ ስጽፍ ግን እጅጌዬን ስለምሰበስብ ከብርዑ በላይ ሆኖ ይመለከተኛል። የሚያዩት ሰዎች እሳት የነካኝ ይመስላቸዋል። እሳት አይደለም። ለጠየቀኝ ሁሉ እስከ ዛሬ በአጭሩ ስመልስ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ዕድሜዬ ስለ ገፋ፣ በአጭሩ የተነገረ ነገርም ለሰሚው ስንቅ ስለማይሆን፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው በወጉ ላኖረው ወደድሁ።

እኔ የብራና ሰው ነኝ። ትውልዴ ከሰሜን ሸዋ ነው። ዜማውንና ቅኔውን፣ በመጨረሻም የቁም ጽሕፈቱን ከየመምህራኑ ደጅ ጠንቼ ተምሬ፣ በጎልማሳነቴ ወደ ናዝሬት ወረድሁ፤ ዛሬ አዳማ የምንላት ማለቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎቴ የተረፈኝን ጊዜ በግቢዬ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ቆዳ እየፋቅሁ፣ ቀለም እየበጠበጥሁ፣ የጸሎት መጻሕፍት እየጻፍሁ አሳልፈዋለሁ። ሰዎች «መሪጌታ» ይሉኛል። ሙያዬ ዝምታን ያስለምዳል። ዝምታ ሁልጊዜ ምግባር እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ቆዳ የሚያመጣልኝ ኦቦ ዳዲ ነበር። ኦቦ ዳዲ ከወለንጪቲ አልፎ ወደ አዋሽ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ፍየል የሚያረባ ገበሬ ነው፤ በዕድሜ እኩያዬ፣ በሃይማኖት ወንድሜ፣ ከዚያም በላይ አበልጄ። የመጀመሪያ ልጁን ለሊሴን ክርስትና ያነሣቻት ባለቤቴ ዘነበች ናት። ለእኛ ልጅ አልተሰጠንም። ለሊሴ ከሰባተኛ ክፍል እስከ ጋብቻዋ ከእኛ ቤት ሆና ስለ ተማረች፣ «ልጃችን» ስንል የምንጠራው እርሷን ነው። በዚያ ዘመን ባል አግብታ፣ ከክልላችን ወሰን ማዶ፣ በአፋር ምድር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ትኖር ነበር፤ ባሏ በመስኖ እርሻ ላይ ሠራተኛ ነው።

ስለ ቆዳ አንድ ልማድ ነበረኝ። ቃለ እግዚአብሔር የሚጻፍበት ቆዳ ሞቶ ከተገኘ እንስሳ፣ እኛ በክት ከምንለው፣ እንዲመጣ አልፈልግም። ስለዚህ ቆዳ በመጣ ቁጥር ሳልዳስሰው በፊት፣ «ታርዷል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዳዲም፣ «በስመ አብ ተብሎ ታርዷል» ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ቆዳው ንጹሕ ነው። ለብዙ ዓመታት ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቄ፣ ይህንኑ መልስ ሰምቼ፣ ልቤ እየረጋ ኖርሁ።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ፣ ቆላው ደርቆ ከርሞ፣ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። የሐዋርያት ጾም በገባ ሁለት ሳምንት ግድም ሲሆነው ዳዲ አራት የፍየል ቆዳ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። እርጥብ ናቸው። እኔም እንደ ወትሮው ጠየቅሁ።

«ታርዷል?»

«ታርዷል» አለ፤ ግን ተቀመጥ ስለው አልተቀመጠም። «አበልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ከየት መጣ የሚልህ ቢኖር ዳዲ አመጣው አትበል።»

«ምን ነው? ሰርቀህ ነው?» ብዬ ቀለድሁ።

«የራሴ ነው! አምና በጎረቤት ቀበሌ በሽታ አለ ተብሎ ገበያው ሲዘጋ አላየህም? ሰው ፍየሉን አስሮ እያየ ተራበ። ወሬ ክፉ ነው። በለሊሴ ማልልኝ።»

በለሊሴ ማልሁለት። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ነቅቼ ቢሆን ኖሮ የሚቀረውን አልጽፍልህም ነበር። ጤነኛ ፍየል ያረደ ሰው ስሙን ለምን ይደብቃል? ደግሞስ በጾም ወራት አራት ፍየል ማን ያርዳል? ይህን ሁለቱንም አላሰብሁም። «ታርዷል» የምትለዋን ቃል ሰምቼአለሁና ልቤ ተኝቶ ነበር።

ቆዳውን ዘፈዘፍሁ፤ በእንጨቱ ላይ ወጠርሁ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ሥጋውን መፋቅ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ስፍቅ የመፋቂያው ጫፍ አመለጠኝና ክንዴን ጫር አደረገኝ። በሙያው የተለመደ ነው፤ ልብም አላልሁት።

በአራተኛው ቀን ትንኝ የነከሰኝ የሚመስል ቀይ ነገር ወጣ። ከዚያ ውሃ ቋጠረ። ውሃው ሲፈርጥ መካከሉ ጠቆረ፤ ልክ ከብርዕ የወደቀ የቀለም ጠብታ መስሎ ነበር። እውነት ቀለም መስሎኝ በሳሙና አጠብሁት። አልለቀቀም። በማግሥቱ ጥቁሩ ሰፋ፣ ዙሪያው አበጠ፣ እብጠቱም ወደ ክርኔ ወጣ። ያስፈራኝ ግን እብጠቱ አልነበረም። አያምም ነበር። በመርፌ ጫፍ ነካሁት፤ የሌላ ሰው ሥጋ የነካሁ ያህል ነበር። የማያምም ቁስል ምን እንደሆነ የነገረኝ መምህር አልነበረም።

ጠበል ረጨሁበት፤ እጅጌዬን ዘርግቼ ዝም አልሁ። ሦስት ቀን ከዘነበች ደበቅሁት። በሦስተኛው ቀን ማታ ትኩሳት ያዘኝና ራት ላይ በግራ እጄ ስጎርስ አየች።

«ክንድዎን ያሳዩኝ» አለች።

«ምንም አይደለም።»

«ምንም ካልሆነ ለምን ይደብቁታል? ያሳዩኝ!»

ባየችው ጊዜ አልጮኸችም። ነጠላዋን አንሥታ፣ «ይነሡ» አለች ብቻ። ሐምሌ ሁለት ቀን በማለዳ በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን።

ወጣቱ ሐኪም ክንዴን ገልብጦ አየና ፊቱ ተለወጠ። ጓንት አደረገ። ሐኪም ካየ በኋላ ጓንት ሲያደርግ ምን ያህል እንደሚያስፈራ፣ ያልደረሰበት አያውቅም።

«አባታችን፣ ከከብት ጋር ይውላሉ?»

«ከመጻሕፍት ጋር ነው የምውለው፣ ልጄ።»

«በግ፣ ፍየል፣ በሬ ቤት ውስጥ የለም?»

«አንዲት ድመት አለችን።»

ዘነበች ከበሩ ሥር ቆማ አላስቻላትም። «ብራናውን ይንገሩት እንጂ! ዶክተር፣ መጻሕፍቱ የሚሠሩት ከፍየል ቆዳ ነው። ከፍየሏ ጋር የሚውሉት ከሞተች በኋላ ነው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ከቁስሉ በጥጥ ነክቶ ወሰደ፤ መድኃኒቱንም ውጤቱን ሳይጠብቅ በደም ሥሬ አስጀመረ። የበሽታውን ስም ስጠይቀው ለጊዜው ሊነግረኝ አልፈለገም። እኔ ግን ለነርሷ ሲነግራት ሰማሁት፤ «አባ ሰንጋ»። በልጅነቴ በሬ ከመንጋው መካከል በድንገት ወድቆ፣ ጥቁር ደም ከአፍንጫው ሲወርድ፣ አባቶቻችን ሹክ የሚሉት ስም ነው። ያን ሌሊት የማስበው ስለ ነፍሴ ብቻ ነበር። ስለ ሌላ ሰው ነፍስ ገና አላሰብሁም።

ሐምሌ አራት ቀን ጠዋት ትኩሳቱ ትንሽ ጋብ ብሎልኝ ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣ ሙክታር የሚባል ደብተር የያዘ ጎልማሳ ነው። ሁለተኛዋ ጭቃ የነካው ቦቲ የተጫማች ወጣት ሴት ናት።

«ዶክተር ሌንሳ እባላለሁ» አለች። «የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

ወደ ዘነበች ዞሬ፣ «የከብት ሐኪም አመጡልኝ እንግዲህ፤ የሰው ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ነው» አልኋት።

ሌንሳ ሳቀች። «አይ አባባ! የእኔ ታካሚዎች የት እንዳመማቸው አይናገሩም። ዛሬ ግን የሚናገር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ቆዳው ከየት መጣ?»

ብርድ ልብሱን በክንዴ ላይ ሳብሁ።

«መሪጌታ» አለ ሙክታር፣ «ልንከስዎ አይደለም የመጣነው።»

«ቃል አለብኝ» አልሁ። «ምያለሁ።»

ሌንሳ ወንበር ስባ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠች። «እንደ ፍየሎቼ ዝም አይበሉኝ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ። ይሄ በሽታ ከቆዳው ቀድሞ ፍየሉ ውስጥ ነበረ። ፍየሉ ሞቷል፣ ወይም ሊሞት ሲል ታርዷል። አሁን የምፈልገው ሥጋው የት እንደደረሰ ነው።»

«ሥጋውማ ምን ይደረጋል? ጾም ነው፤ ማን ይበላዋል?»

ይህን ተናግሬ አፌን ሳልገጥም ቀኑን ቆጠርሁ። ሐምሌ አራት። ነገ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው። ነገ ጾሙ ይፈታል። ዳዲም ጾም የማይገድፍ ሰው ነው። በጾም ወራት ፍየል ያረደ ጿሚ ሥጋውን ምን ያደርገዋል? ዘልዝሎ ይሰቅለዋል። ለፍቺ ቀን ያቆየዋል።

ከአልጋዬ ቀና አልሁ።

«ዶክተር» አልሁ፣ «በሽታው ሲደርቅ ይሞታል?»

«የቱ ሲደርቅ?»

«ሥጋው። ጨውና በርበሬ ተነስንሶበት፣ በጭስ ላይ ሁለት ሳምንት ቢሰቀል።»

ከሙክታር ጋር ተያዩ። «አይሞትም» አለች ቀስ ብላ። «ፀሐይም ጨውም አይገድለውም። አፈር ውስጥ እንኳ ዓመታት ይቆያል። ክንድ ላይ ሲወጣ በመድኃኒት እናድነዋለን። ተበልቶ ሆድ ከገባ ግን ብዙ ጊዜ አንደርስለትም። ቋንጣ አለ፣ አባባ?»

በለሊሴ ምዬ ነበር። መሐላ ማፍረስ ምን እንደሆነ ስመክር የኖርሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ዓይኔን በጨፈንሁ ቁጥር የዳዲ ቤተሰብ ከመሶቡ ዙሪያ ተቀምጦ ታየኝ። ስሙን ተናገርሁ፤ መንገዱንም ነገርኋቸው። ስልክ ደወሉለት፤ ዝግ ነው። ዳዲ ስልኩን የሚሞላው ገበያ ሲወጣ ነው።

«እንሂድ» አለ ሙክታር።

«እኔም እሄዳለሁ» አልሁ።

ወጣቱ ሐኪም እምቢ አለ። እኔም፣ «ልጄ፣ የመንግሥት መኪና ሲያይ ቋንጣውን ጣራ ላይ ይደብቀዋል። ለእነርሱ የለም ይላል። ለእኔ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ አይዋሽም» አልሁት። ይህን ስናገር ስለ ቆዳው እንዴት እንደዋሸኝ ረስቼው ነበር። ዘነበችም፣ «እኔ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ማታ ለመርፌው እመልሳቸዋለሁ» አለች። ሐኪሙም ክንዴን በፋሻ ጠቅልሎ ለቀቀኝ።

መኪናው ውስጥ የሰው ጤና ሠራተኛና የከብት ሐኪም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ስለ ሰው፣ አንዷ ስለ ፍየል፣ አንድ ደብተር ላይ ሲጽፉ አየሁ። ከዚያ በፊት ወደ ዳዲ ቀበሌ የጤና ሰዎች ሲመጡ ስለ ልጆች ጠይቀው ይሄዱ ነበር፤ የግብርና ሰዎችም ሲመጡ ስለ ከብት ጠይቀው ይሄዱ ነበር። አንዱ የሰማውን ሌላው አይሰማም። በሽታው ግን በሁለቱም በር ይገባና ይወጣ ነበር።

ከወለንጪቲ አልፈን ኮረኮንቹን ስንጀምር ቆላው ለምልሞ ነበር። በሌላ ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» የምለው አረንጓዴ ያን ቀን አስፈራኝ። ሌንሳ በመስኮት እያየች፣ «ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲወርድ ነው የሚነሣው» አለች። «ፍየሏ አዲሱን ሣር ከሥሩ ስትግጥ አፈሩን አብራ ትበላለች።»

ከዳዲ ግቢ በራፍ ላይ መኪናው እንዲቆም አድርጌ ብቻዬን ገባሁ። ዳዲ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ከግራር ሥር ተቀምጦ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ አበልጄ! ለነገ ስንጠብቅህ ዛሬ መጣህ?» አለና መኪናውን ሲያይ ፈገግታው ደረቀ። «እነዚያ እነማን ናቸው?»

«ስምህን የነገርኋቸው ሰዎች ናቸው።»

ፎጣውን በአንገቱ ላይ አጠበቀ። «በልጄ ምለህልኝ ነበር።»

«ምዬልህ ነበር። አፍርሻለሁ። ዳዲ፣ ፍየሎቹ ታመው ነበር?»

«ታርደዋል አልሁህ።»

«ታርደዋል ብለኸኛል። ታመው ነበር?»

ፋሻዬን ፈትቼ ክንዴን አሳየሁት። ተመለከተው። ከዚያ የጠመጠመውን ፎጣ ከአንገቱ ላይ ቀስ ብሎ ፈታ። ከጉሮሮው በስተግራ፣ ያው ጥቁር ጠብታ፤ ዙሪያው አብጦ ጆሮው ሥር ደርሷል።

«አያምም እኮ» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ እንደሚፈልግ ሁሉ።

«አያምም» አልሁት።

እኔ በዚያች ሰዓት ያየሁትን ፍርሃት በሌላ ሰው ፊት አይቼ አላውቅም። የእኔም ፊት ለእርሱ እንዲሁ ሳይሆን አልቀረም።

«አንደኛዋ ጠዋት ወድቃ ተገኘች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሦስቱ ሲንገዳገዱ ቢላ አነሣሁ። ያችን የመጀመሪያዋን ግን… አልደረስሁባትም። ከአራቱ አንዱ ቆዳ የእርሷ ነው። ይቅር በለኝ።»

መኪናው ውስጥ የቀሩትን አስገብቼ፣ ባለቤቱን አዴ ጫልቱን ጠራናት። ጎጆዋ ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ ጠፍር ላይ ቋንጣው ተሰቅሎ ነበር፤ ቀይ፣ ያማረ፣ በርበሬው የሚሸት። ለነገ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል። ሌንሳ ጓንቷን አድርጋ ዘለላውን ማውረድ ስትጀምር ጫልቱ እንደ ለቅሶ ደረቷን ያዘች።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ? ምን አደረግን?»

«ማንም ቀምሷል?» አለ ሙክታር። «ልጆች? እንግዳ?»

«ማን ይቀምሳል? ጾም አይደል!» አለች ተቆጥታ። ቀጥላም ጠፍሩን በዓይኗ ተከትላ ባዶ ወደሆነው ጫፍ ስትደርስ፣ «የዚህኛው ወገን ብቻ ለለሊሴ ሄዷል» አለች።

ዘነበች ከኋላዬ ነበረች። ክንዴን፣ ያንን የታመመውን፣ ሳታውቀው ጨብጣ ያዘችው።

«መቼ?» አልሁ።

«ትናንት፣ በመኪና። ለነገ ፍቺ ይድረስላት ብዬ። ማታ ደርሶኛል ብላ በጎረቤቷ ስልክ ነግራኛለች።»

የለሊሴን ስልክ ደወልን። የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም ይላል። የባሏንም እንዲሁ። ከተማዋ መብራት ከጠፋባት ቀናት አልፈዋል። ጫልቱ የትናንቱን የጎረቤት ቁጥር ሰጠችን፤ እርሱም ተዘግቷል። ቀኑ ወደ ማታ ዘንብሏል፤ ከዚያ ለሊሴ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።

አሁን ስለ ራሴ የማፍርበትን አንድ ነገር ልናገር። ናዝሬት የስብሰባ ከተማ ናት። ከየክልሉ ሰው እየመጣ በየሆቴሉ ይሰበሰባል፤ ባጅ ያንጠለጥላል፤ የታሸገ ውሃ ይጠጣል፤ ይበተናል። እኔም ከቅዳሴ ስመለስ እያየሁ፣ «ጾሙም ፍቺውም በስብሰባ አለቀ» እያልሁ ስቀልድ ኖሬአለሁ። ሌንሳ ግን ስልኳን አውጥታ ከስሞቹ መካከል ስትፈልግ፣ «እዚህ አለ! ሐሰን። ከወሰን ማዶ የእንስሳት ጤና ላይ ነው የሚሠራው። የከብት በሽታ ወሰን አያውቅም ተብሎ የሁለቱም ክልል የሰውና የእንስሳት ጤና ሰዎች አዳማ የተሰበሰብን ጊዜ፣ ለሻይ ስንወጣ ቁጥር ተለዋወጥን» አለች።

ለሻይ ሲወጡ! የእኔ ልጅ ነፍስ በዚያች የሻይ ሰዓት ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

ሐሰን አነሣ። ሌንሳ በአማርኛ፣ ፈጥና፣ አንድም ቃል ሳታባክን ነገረችው። ሙክታርም ስልኩን ተቀብሎ መድኃኒት የሚይዝ የጤና ሠራተኛ አብሮት እንዲሄድ ነገረው። ሐሰን ያለው ሌላ ከተማ ነው፤ ጎርፍ መንገዱን ስለቆረጠው በማታ አይታለፍም። «ጎህ ሲቀድ በሞተር እንነሣለን» አለ። «ቤቷ የት ነው?»

ዳዲ፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» አለ። ከዚህ በላይ አድራሻ አልነበረንም።

ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ቋንጣው ጋዝ ተርከፍክፎበት ተቃጠለ። ለጎረቤት ሁሉ ተነገረ፤ መንጋው ከግቢ እንዳይወጣ ታዘዘ። ጫልቱና የነካካው ሁሉ መድኃኒት ተሰጠው። እኔና ዳዲ ማታ ሆስፒታል ገባን፤ ጎን ለጎን ባሉ አልጋዎች ላይ ተኛን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዘነበች ከመካከላችን ቁጭ ብላ መቁጠሪያዋን ይዛ አደረች።

ጎህ ሲቀድ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ደወል ተሰማ። ዕድሜዬን ሙሉ የቅዳሴ ደወል ስሰማ ልቤ ይረጋል፤ በዚያ ጠዋት ግን እያንዳንዱ ምት ሰዓት ሲቆጥር ሰማሁት። ቅዳሴው ሲያልቅ ጾሙ ይፈታል። ለሊሴ ቁርባን የማታስታጉል ልጅ ናት። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ምድጃ። የመጀመሪያው ጉርሻ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ሌንሳ ደወለች። «አባባ፣ ሐሰን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሟል። ቅዳሴ አልወጣም። ዘበኛውም በሩ ላይ ያሉትም ለሊሴ የምትባል አናውቅም ይሉታል!»

ከአልጋዬ ላይ ተነሣሁ። «ወለተ ሚካኤልን ጥሩ ይበላቸው! የክርስትና ስሟ ነው፤ ካህኑ የሚያውቃት በእርሱ ነው። ወለተ ሚካኤል!»

ስልኩ ተዘጋ። ዳዲ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ሦስታችንም አንዱን ስልክ እናይ ጀመር። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰዓት ከሩብ። ነርሷ መርፌ ይዛ መጣች፤ ሲወጋኝ አልተሰማኝም።

ከዚያ ስልኩ ጠራ። የሐሰን ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የሴት ነበር።

«አባዬ?»

ዘነበች ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «ለሊሴዬ! በልተሻል? አፍሽ ገብቷል?»

«ኧረ ገና አሁን ነው የወጣሁት፣ እማዬ! ቄሱ ዛሬ ስብከት አስረዝመውብን፣ ድስት ጥጄ መጥቻለሁ፣ ምነው ባሳጠሩት እያልሁ ሳጉረመርም ነበር። ምንድን ነው ነገሩ? አንድ የማላውቀው እስላም ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ በክርስትና ስሜ ሲጠራኝ እኮ ደንግጬ ልሞት!»

ዳዲ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አላወቅሁም።

ድስቱ ከነቋንጣው ተቀበረ፤ ለሊሴና ባሏም ሥጋውን ነክተውት ነበርና መድኃኒት ጀመሩ። የእኔና የዳዲ ቁስል ቀስ በቀስ ሻረ። ግን ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አልዋሽህም። ዳዲ እንደ ፈራው ገበያው ለሳምንታት ተዘጋ፤ ሰዉም ዳዲንና እኔን በክፉ ዓይን አየን። ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች በአንድ ሳምንት ተነሥተው መንጋውን ሁሉ ከተቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተከፈተው። በዳሴ ሥር የነበሩትን አራት ቆዳዎች ሙክታር እያየ አቃጠልኋቸው፤ እንጨቱንም መፋቂያውንም ጨምሬ። ዳዲም ሆስፒታሉን ለቆ ሲወጣ አልተሰናበተኝም። ልጁን ያተረፈለት ያው ያፈረስሁት መሐላ ነው፤ ግን መሐላ መሐላ ነው፤ እኔም አልተቀየምሁትም።

አንባቢ ሆይ፣ ጾም ብዙ ሰዎችን ከኃጢአት እንደሚጠብቅ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በዚያ ሐምሌ ከሞትም ጠብቋል። ነገር ግን ጾሙ የጠበቀውን ዝምታዬ ሊያጠፋው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ቢላዋ ነክቶታልን ብዬ ስጠይቅ ንጽሕናን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር። በሽታ በቢላዋ አይነጻም። ፍየሏ ያመማትን እረኛው ያውቀዋል፤ የእረኛውን ቁስል ሐኪሙ ያውቀዋል፤ የሥጋውን መንገድ እናት ታውቀዋለች። እነዚህ እስኪነጋገሩ ድረስ ማንም ምንም አያውቅም። እኔም ከዚያ ወዲህ ባጅ ያንጠለጠሉ ሰዎች በከተማችን ሆቴል ሲገቡ ባየሁ ጊዜ፣ የሻይ ሰዓታቸውን እንዲያስረዝሙላቸው በልቤ እለምናለሁ።

የጥምቀት ሰሞን በራፌ ተንኳኳ። ዳዲ ነው፤ ከረጢት ይዟል። አንገቱ ላይ እንደ እኔው ጠባሳ አለ። ሳይቀመጥ ቆዳውን ከፊቴ ዘረጋው። እኔም ስድስት ወር ሙሉ ያላየሁትን ፊቱን እያየሁ ቆምሁ።

«ጠይቀኝ እንጂ» አለ።

«ታርዷል?»

«ታርዷል።» ቆመና ጠበቀኝ። «ሁለተኛውንስ?»

«ታሞ ነበር?»

«ታሞ አልነበረም። ዶክተሯ ከመታረዱ በፊት አይታዋለች።» ከዚያ ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ዱካ ስቦ፣ ከሰኔ ጀምሮ ያልተቀመጠበትን ቦታ ያዘ፤ «አሁን እንግዲህ ውሃ አምጡልኝ፤ ከወለንጪቲ ጀምሮ ጠምቶኛል» አለ።